ልጅ ይዞ ቻይና መኖር፦ ከሚያስፈራው ወሬ የሚያጓጓው ይከፋል

ትንሽ ልጅ ይዞ ወደ ቻይና ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ መካሪ አያጣም። የሚሰማው ምክር ግን በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ያስፈራል፦ ወተቱ የተበከለ ነው፣ አየሩ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሕፃን አዝሎ በዚያ ሕዝብ መሀል መጓዝ አይታሰብም። ሁለተኛው ያጓጓል፦ ልጅ በጥቂት ወር ቻይንኛ ያቀላጥፋል፣ ትምህርት ቤት ሞልቷል፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ሠርተው ጥሪት ይዘው ይመለሳሉ። ሁለቱም የሚነገሩት በቅንነት ነው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የሚያስፈራው ወሬ አብዛኛው በአንድ ወቅት እውነት ነበረ፤ ነገሩ ተለውጦ ወሬው ብቻ ቀረ። የሚያጓጓው ግን ድሮም እውነት አልነበረም። ቤተሰብን ይበልጥ የሚጎዳውም ይኸኛው ነው። የፈራ ወላጅ ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ይዘጋጃል፤ የጓጓ ወላጅ ግን ሥራውን ለቆ፣ ቤቱን አከራይቶ፣ ውሉን ፈርሞ ይነሳል።

ከወተቱ እንጀምር፤ የፍርሃቱ ሁሉ ሥር እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሳንሉ የተባለውን ትልቅ ኩባንያ ጨምሮ የበርካታ አምራቾች የሕፃናት ዱቄት ወተት ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል ተገኘበት። ኬሚካሉ የተጨመረው ውሃ የገባበትን ወተት ፕሮቲኑ የበዛ ለማስመሰል ነበር። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ከ50,000 በላይ ሆስፒታል ተኙ፤ ስድስት ሞቱ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢፈራ ማን ይፈርድበታል? ቻይናውያን ወላጆች ራሳቸው ለዓመታት የአገራቸውን ወተት ሸሽተው ከሆንግ ኮንግ ሲሸምቱ ኖረዋል፤ ከዚያም የተነሣ ሆንግ ኮንግ በማርች 2013 አንድ ሰው ይዞ የሚወጣው ከ1.8 ኪሎ እንዳይበልጥ ደነገገች። ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን ከወሬው ጋር አብሮ አይነገርም። የምግብ ደኅንነት ሕግ በ2009 ወጥቶ በ2015 ጠበቀ፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የሕፃናት ወተት አሠራር፣ ከውጭ የሚገባውም ጭምር፣ በመንግሥት ሳይመዘገብ መደብር ውስጥ እንዳይሸጥ ተደረገ። ዛሬ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ወተቱ በሚገዛበት ቦታ ላይ ነው። ከታወቀ መደብር የተገዛ የተመዘገበ ወተት አንድ ነገር ነው፤ ከማይታወቅ ሻጭ በርካሽ የተገኘ ቆርቆሮ ሌላ ነገር ነው።

አየሩም እንዲሁ ዓመት ይጠየቅበታል። ቤጂንግን በጭስ ታፍና የሚያሳዩት ፎቶዎች በብዛት የ2013 አካባቢ ናቸው። በዚያ ዓመት ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ፣ በከተማዋ አየር ውስጥ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ 89.5 ማይክሮግራም ነበር። በ2024 ወደ 30.5 ወርዷል። በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማሞቂያ በጋዝና በኤሌክትሪክ ተተካ፣ ብዙ ፋብሪካ ተዘጋ ወይም ከከተማ ወጣ፣ በመኪና ጭስ ላይ ያለው ቁጥጥር በረታ። "ይህ የመንግሥት ቁጥር ነው፤ ማን ያምነዋል?" የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ቤጂንግ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2008 ጀምሮ በራሱ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት አየሩን ሲለካ ቆይቷል፤ የእሱም መዝገብ ያሳየው ብናኙ መቀነሱን ነው። 30.5 ጥሩ አየር ነው ማለት ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 እንዳይበልጥ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። አስም ያለበት ልጅ የያዘ ቤተሰብ የሥራ ቦታውን ከመቀበሉ በፊት ከተማውንና ወሩን ለይቶ ይጠይቅ። ኩንሚንግ፣ ሼንዠን ወይም የሃይናን ደሴት አንድ ናቸው፤ በሰሜኑ ሜዳ ላይ ያሉት የፋብሪካ ከተሞች፣ በተለይ በብርዱ ወራት፣ ሌላ ናቸው።

የጉዞው ፍርሃት ከሁሉም ይበልጥ ከእውነታው የራቀ ነው። ትንሽ ልጅ ላለው ሰው የቻይና ፈጣን ባቡር ከአውሮፕላን ይቀላል። መስመሩ ከ45,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቤጂንግ ሻንጋይ ያለው 1,318 ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ልጁም በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ ማለት ይችላል። የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን ነዋሪውም እንደዚያው ስለሚያደርግ የፈላ ውሃ በየጣቢያውና በየባቡሩ በነፃ ይገኛል፤ ለጡጦም ለአጥሚትም ይበቃል። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የልጅ ትኬት በቁመት መተመኑ ቀርቶ በዕድሜ ሆኗል፤ አንድ አዋቂ ከ6 ዓመት በታች የሆነ አንድ ልጅ ለብቻው መቀመጫ ሳይይዝለት በነፃ ይወስዳል፣ ከ6 እስከ 14 ያለው በቅናሽ ይሄዳል። የልጁን ፓስፖርት መርሳት አይገባም፤ ትኬቱ የሚቆረጠው በስሙ ነው። ሕዝቡ በእርግጥ የሚያስጨንቀው በቻይናውያን አዲስ ዓመት ሰሞንና በኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ በእነዚያ ቀናት ቤት መዋል ይሻላል።

እውነተኛው የጉዞ አደጋ ግን ብዙ ሰው በማያስጠነቅቅበት ቦታ፣ ከባቡር ጣቢያ ወደ ቤት በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ይጠብቃል። ከጁን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የታዳጊዎች ጥበቃ ሕግ ወላጆች በመኪና የሕፃን መቀመጫ እንዲጠቀሙ ይላል፤ ታክሲውና በስልክ የሚጠራው መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው የላቸውም። ልጅን ታቅፎ መቀመጥ በዙሪያው የሚታየው ልማድ ስለሆነ እንግዳውም ይለምደዋል። መኪና ሲጋጭ ግን የማንም ክንድ ልጅ አያስቀርም። ስለዚህ ተጣጥፎ የሚያዝ መቀመጫ ከሻንጣው አንዱ ይሁን፤ ይህ ካልሆነ ሜትሮው ለሕፃን ከታክሲ የተሻለ ነው።

ከሚያስፈሩት ወሬዎች አንዱን ግን ጊዜ አልፎበታል ብሎ መተው አይቻልም፤ እሱም የቆዳ ቀለም ጉዳይ ነው። በአፕሪል 2020፣ በኮቪድ ጊዜ፣ ጓንግዡ ከተማ ውስጥ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባረዋል፣ ምግብ ቤት አትገቡም ተብለዋል፣ የት እንደነበሩ ሳይጠየቅ ተገልለው እንዲቆዩ ተደርገዋል። ቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች በደብዳቤ ተቃውመዋል፤ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበርም የቻይናን አምባሳደር ጠርተው ቅሬታቸውን ነግረዋል። ይህ የሆነ ነገር ነው፤ ለማሳመር መሞከር ተጎጂዎቹን መበደል ይሆናል። ከዚያ ቀውስ ውጭ ባለው የዕለት ኑሮ ልጅን የሚገጥመው ግን ብዙ ጊዜ ጥላቻ አይደለም፤ የማያውቁት ሰዎች ፎቶ ያነሡታል፣ ጸጉሩን ይዳስሳሉ፣ ከረሜላ ይሰጡታል። ለትንሽ ልጅ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነው። ሆኖም የነካው እጅ ቅን መሆኑ ያልወደደውን ልጅ አያጽናናውም። ወላጅ ፈገግ ብሎ ግን ጠንክሮ "ቡ ያው"፣ አልፈልግም፣ ማለትን ራሱም ይልመድ፣ ልጁንም ያስተምር።

አሁን ወደሚያጓጓው ወሬ እንምጣ። ልጅ ቋንቋን ያለ ድካም ይቀበላል የሚለው እምነት እጅግ ሥር የሰደደ ነው፤ የሚጠይቀውም ሰው ጥቂት ነው። ካትሪን ስኖውና ማሪያን ሁፍናኸል ሁህለ በ1978 ባሳተሙት ጥናት ኔዘርላንድ የሄዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደችኛ ሲማሩ ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጥነት የገፉት ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉትና አዋቂዎቹ ነበሩ፤ ኋላ የቀሩት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ሕፃናት ናቸው። ሕፃን በጊዜ ብዛት ይቀድማል፤ አነጋገሩም ከአዋቂ የጠራ ይሆናል፤ በጥቂት ወር ግን አይደለም። አንድ የቻይና ተማሪ ስድስተኛ ክፍል ሲጨርስ 3,000 ያህል ፊደላትን ለይቶ ማንበብ ይጠበቅበታል፤ ቤት ውስጥ ቻይንኛ የሚያነብለት የሌለው ልጅ ያን ዳገት የሚወጣው በዓመታት ሥራ ነው። ሌላው የወሬው ጉድለት ደግሞ ይብሳል። ሕፃን የሚይዘው በዝግታ ቢሆንም የሚለቀው በቶሎ ነው። ከ3 እስከ 8 ዓመታቸው በማደጎ ከኮሪያ ወደ ፈረንሳይ የሄዱ ሰዎች አድገው ሲመረመሩ ኮሪያኛን ከማያውቁት ሌሎች ቋንቋዎች መለየት አልቻሉም፤ በ2003 የታተመው ይህ ጥናት አንጎላቸውንም በምስል አይቶ ዱካ አላገኘም። እነዚህ ልጆች ቋንቋቸውን የሚናገርላቸው ሰው ጨርሶ አልነበራቸውም፤ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ልጅ ያን ያህል አያጣም። ግን በቀን አሥር ሰዓት መዋዕለ ሕፃናት ውሎ ማታ ስልክ ይዞ የሚተኛ ልጅ አማርኛው እንደማይሳሳ ዋስ የሚሆነው ማነው? ቻይንኛው የተገኘ ትርፍ ነው ብሎ ለመቁጠር በየቀኑ በአማርኛ ተረት የሚያወራለት፣ የሚያስነብበው ሰው ሊኖር ይገባል።

ትምህርት ቤቱ ላይ ስህተቱ በገንዘብ ይመነዘራል። የቻይና የግዴታ ትምህርት ሕግ መብቱን የሚሰጠው ለቻይና ዜጎች ነው። የውጭ ዜጋ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊገባ ይችላል፣ ብዙዎችም ገብተዋል፤ ነገር ግን እንደ ከተማው፣ እንደ ወረዳው፣ እንደ ትምህርት ቤቱ ቦታ ይለያያል እንጂ ማንም የሚያረጋግጥለት አይደለም። ሌላው በር ለውጭ ዜጎች ልጆች ተብለው የተፈቀዱት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ በቤጂንግና በሻንጋይ የብዙዎቹ ክፍያ በዓመት ከ200,000 ዩዋን ያልፋል፣ ከ300,000 የሚበልጥም አለ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በመምህርነት ወይም በኩባንያ ተቀጥሮ የሚሄድ ሰው የልጁ ክፍያ በውሉ ውስጥ በቁጥር ካልተጻፈለት ደመወዙ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ሊያልቅ ይችላል። "እገሌ ልጆቹን እዚያ አሳድጎ የለም ወይ?" የሚል መልስ ይመጣል። አሳድጓል። ግን ተመልሶ መጥቶ የሚያወራው የተሳካለት ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ሚስቱንና ልጆቹን ወደ አገር ልኮ ብቻውን የቀረው ታሪኩን ለጎረቤት አይተርክም።

ባልና ሚስት ሁለቱም ይሠራሉ የሚለውም ከሕጉ ጋር ይጋጫል። የሠራተኛ ወይም የተማሪ የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚገቡበት ኤስ1 ቪዛ የመኖሪያ ፈቃድ ያስገኛል እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ለመሥራት ራሱን የቻለ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ከዚህ ሌላ በዝርዝር መታወቅ ያለባቸው የጊዜ ገደቦች አሉ። ሆቴል ያላረፈ የውጭ ዜጋ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ሕፃኑም ይቆጠራል። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትመደብ 9 ወር የሞላው ልጅ የክትባቱን ካርድ ይዞ መገኘት ይጠበቅበታል። የሌሎቹንም ክትባቶች ካርድ መያዝ ይጠቅማል፤ በ2019 የወጣው የክትባት ሕግ በቻይና የሚኖሩ ነዋሪዎች መደበኛውን ክትባት የመውሰድ መብት አላቸው ይላል፤ መዋዕለ ሕፃናቱም ሲመዘግብ የክትባቱን ማስረጃ ይጠይቃል።

ቻይና ውስጥ የሚወልዱ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ተጨማሪ እምነት ይዘው ይገኛሉ፤ እዚያ የተወለደ ልጅ ቻይናዊ ይሆናል የሚል። አይሆንም። ወላጆቹ ሁለቱም የውጭ ዜጎች ከሆኑ በተወለደ በ60 ቀናት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ለዚያም ፓስፖርቱ ከኤምባሲው ቀድሞ መውጣት ስላለበት የልደት ወረቀቱ እጅ እንደገባ መሮጥ ያስፈልጋል። ከወላጆቹ አንዱ ቻይናዊ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በ1980 በወጣው የዜግነት ሕግ መሠረት እዚያ የተወለደው ልጅ ቻይናዊ ነው፤ ቻይናም ጥምር ዜግነት አትቀበልም፤ ኢትዮጵያም አትቀበልም። በዚህም የተነሣ ለውጭ ዜጎች ልጆች ብቻ የተፈቀደው ትምህርት ቤት በቻይናዊነቱ አይቀበለውም፤ ወላጆቹ የልጁን ትምህርት ሲያቅዱ መነሻቸው የመንግሥት ወይም ቻይናውያንን የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ይሁን።