የጣና ሠዓሊና ተመልካቹ

ሥነ ጥበብ ለምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ የዘመናችን ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሠዓሊው ስሜት ይጀምሩታል። በጣና ዳርቻ ግን ከተመልካቹ መጀመር ይሻላል።

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው በኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ሥዕል ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን ደግሞ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይኑ ስለሚሣል ይለየዋል። በላዔ ሰብእ ሲሣል የበላቸው ነፍሳት በሚዛኑ በአንዱ ወገን ናቸው፤ በሌላው ያለችው በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጣት ጥርኝ ውኃ ናት፤ ሚዛኑንም እመቤታችን በጥላዋ ታጋድለዋለች። ተአምረ ማርያም ሲነበብ የሰማ ሰው ከዚህ ሥዕል ፊት ሲቆም የሚያየው አዲስ ነገር ሳይሆን አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ሥራውን የሚፈጽመው ከአንባቢውና ከሰሚው ጋር ነው ማለት ይቻላል።

የጥንቱ ሠዓሊ ከትሕትና የተነሣ ስሙን አይጽፍም ነበር ይባላል። አባባሉ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው፣ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለው የማርያም ሥዕል ሠዓሊውን ፍሬ ጽዮንን በስሙ ይጠራዋል። ነገር ግን ስሙ ለብቻው አልቆመም፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና (1426–1460 ዓ.ም.) የአበ ምኔቱ የይስሐቅ ስም አብሮት አለ። ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ የደነገጉትም እኒሁ ንጉሥ ስለ ሆኑ፣ ሥዕሉና ንባቡ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምእት ዓመት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ደግሞ እቴጌዪቱ ራሳቸው ከድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ዛሬ ወደ ኡራ በሚወስደው መንገድ ዳር በፍየል ብራና ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ለሀገር ጎብኚ ይሸጣሉ። ሠዓሊዎቹን ጥበብን ሸቀጥ አደረጓት ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይመስልም። የጥንቱም ሠዓሊ ያለ አሠሪ አልሠራም። የተለወጠው ተመልካቹ ነው፤ ሥዕሉን ይዞ ይሄዳል፣ የሚዛኑን ነገር ግን በሀገሩ የሚተርክለት የለም። በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊው በራሱ ስምና በራሱ አሳብ እንዲቆም አስተምሯል፤ ተመልካችን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን አብሮ አልተከፈተም። በዘጌ ይህን ሥራ ዛሬም የሚሠራው መቋሚያውን ወደ ግድግዳው እያመለከተ ለመጣው ሁሉ የሚተርከው ካህን ነው።