ገንዘቡ ይመለሳል፤ ሌሊቱስ?



ባለፈው ረመዳን አንድ አባት ከተራዊህ በኋላ ቀርበው፣ «ሸይኽ፣ የጌም ማጫወቻውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ልጄ ግን አሁንም እስከ ሱሁር ይጫወታል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ጨዋታው የግድ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። የሚሠራው ሩቅ ባለ የኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ምስሉ በብሮድባንድ መስመር ወደ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ይመጣል፤ ልጁ የሚነካው ቁልፍም በዚያው መስመር ይላካል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚወስድ ጨዋታ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይጨርሳል። እንግዲህ የምንቆልፈው ዕቃ የለም፤ የምንጠብቀው ሰዓቱን ነው።

ጨዋታ ሁሉ ሐራም ነው አልልም። ይዘቱ ካልተበላሸ፣ ቁማር ከሌለበት፣ ከሶላት ካላዘናጋ ለልጅ መዝናኛ ነው። ሌሊቱን ተጫውቶ ሱብሂ ሲያመልጠው ግን ኪሳራ ነው።

ጉግል «ስታዲያ» የተባለውን እንዲህ ያለ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2019 ጀምሮ በ2023 ዘጋው። ጨዋታ ለገዙት ገንዘባቸውን መለሰ። ያለፈውን ሌሊት ግን ማን ይመልሳል? አላህ በሱረቱል አስር በጊዜ መማሉ ለዚህ ያስተምረናል።

ለእኚያ አባት ያልኳቸውን ለእናንተም ልበል። ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የጨዋታውን ሰዓት በቀን ወስኑ። ከኢሻ በኋላ ዋይፋዩ ይጥፋ፤ የእናንተም ስልክ አብሮ ይቀመጥ። ልጁንም ይዛችሁት ለተራዊህ ኑ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን።