በብርሃን መጨመርና መጉደል የድንጋይን ዙር ስለ ማወቅ

በቢሾፍቱ ከተማ በሆራ ሐይቅ ዳር በኅዳር ሌሊት ቆሞ ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰው ብዙ ከዋክብትን ያያል። ነገር ግን በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን የሚዞሩትን፥ አስትሮይድ የሚባሉትን አእላፍ ድንጋዮች በባዶ ዓይኑ ሊያይ አይችልም። በትልቅ መነጽር ቢመለከትም የሚያገኘው አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው፤ ቅርጿ አይለይም። (የቢሾፍቱ ክብ ሐይቆች ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተቈፈሩ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ከምድር ውስጥ የወጣ የቀለጠ ዓለት ከውሃ ጋር ተገናኝቶ በመፈንዳቱ የተከፈቱ ናቸውና።) እንግዲህ ይህች ነጥብ በስንት ሰዓት አንድ ጊዜ እንደምትሽከረከር በምን ይታወቃል?

አንድ ሰው ዘነዘናን በወገቡ ይዞ በእሳት ብርሃን ፊት ያሽከርክረው። እሳቱን ከኋላው አድርጎ ለሚመለከት ሰው፥ የዘነዘናው ጎን በዞረ ጊዜ ብዙ ብርሃን ይመልስለታል፤ ጫፉ በዞረ ጊዜ ግን ጥቂት። አንዱ ዙር እስኪፈጸም ድረስ ጎኑ ሁለት ጊዜ፥ ጫፉም ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ስለዚህ ብርሃኑ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይጨምራል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። በ1890 ዓ.ም. ጉስታቭ ቪት የተባለው የበርሊን ሰው ኤሮስ የምትባለውን ድንጋይ አገኘ፤ በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ኤጎን ፎን ኦፖልጸር የሚባል የኦስትሪያ ሊቅ ብርሃንዋ እንደሚለዋወጥ አስታወቀ። ብርሃንዋ በየ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃው ይመላለሳል። ችኩል ሰው ዙሯ ይኸው ነው ብሎ በጻፈ ነበር፤ እውነተኛው ዙር ግን እጥፉ፥ 5 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ነው። በ1992 ዓ.ም. ኒር ሹሜከር የተባለው የአሜሪካ መንኰራኵር ወደ እርስዋ ደርሶ ሲያያት፥ ርዝመቷ 34 ኪሎ ሜትር፥ ውፍረቷ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በእውነትም ዘነዘና መሳይ ናት።

የሚለካ ሰው ድንጋዪቱን ለብቻዋ አይመለከትም። ብርሃናቸው ከማይለዋወጥ ጎረቤት ከዋክብት ጋር ያስተያያታል፤ አለዚያ ስስ ደመና ባለፈ ቍጥር ድንጋዪቱ የደበዘዘች ይመስለዋል። ደግሞም የመዞሪያዋ ዘንግ ወደ ምድር ያቀና እንደ ሆነ ብርሃንዋ አይለወጥም፤ ይህን አይቶ አትዞርም የሚል ሰው ሐሰት ተናገረ።

ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም.፥ አገሪቱ በጠላት ተይዛ ሳለች፥ ሲሪል ጃክሰን የሚባል ሊቅ በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግ ከተማ አንዲት አስትሮይድ አገኘ። ቍጥሯ 1432 ነው፤ ስሟም ኢትዮጵያ ተባለ። ዙሯን የምትፈጽመው 10 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት መነጽሮች ቆመዋል። ይህች ድንጋይ ከፀሐይ ፊት ለፊት ሆና ሌሊቱን ሁሉ በምትታይበት ዓመት፥ ሰማዩ ጥርት ባለ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሌሊት፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሳይተኛ የሚቈይ ሰው ኢትዮጵያን አንድ ሙሉ ዙር ስትዞር ሊያያት ይችላል።