ቀለም የሚለቅ ሳሙና፦ የልጁ እጅ ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ዛሬ የምናወራው ቤት ውስጥ በእጅ ስለሚሠራ ባለቀለም ሳሙና ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት የ7 ወር ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። «ዶክተር፣ ልጄ ትንፋሽ አጠረው መሰለኝ፣ እጁን ይዩልኝ!» እውነትም የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ሰማያዊ ሆነዋል። የሕፃን እጅ ሲሰማይ እኛ ሐኪሞች ቀድሞ የሚመጣብን የልብና የሳንባ ችግር ነው፤ እኔም ደንግጫለሁ። ግን ልጁ ይስቃል፣ አተነፋፈሱ ደህና ነው፣ ከንፈሩና ምላሱ ሮዝ ነው። የኦክስጅን መለኪያው 97 አለ። በአልኮል የራሰ ጥጥ ወስጄ አንዱን ጣት ጠረግ ሳደርገው ጥጡ ሰማያዊ ሆነ!

«በምንድን ነው የምታጥቢው?» አልኳት።

«እህቴ በሠራችው ሳሙና።»

ወደ ሳሙናው ከመሄዴ በፊት ግን ይቺን ያዙልኝ። ከንፈርና ምላስ ከሰማዩ፣ ልጁ ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ፣ ቀለም ነው አይደለም እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ። ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

በሦስተኛው ቀን እህትየው ራሷ ሳሙናውንና የቀለሙን ፓኬት ይዛ መጣች። ሳሙና እየሠራች ለጎረቤትና ለሱቅ ታስረክባለች፤ ኑሮዋ እሱ ነው። ነጭና ሰማያዊ አድርጋ የሠራችው ሳሙና በሳምንቱ ነጩ ክፍል ሁሉ ሰማያዊ ሆነባት። «አቀላቀሌ ተበላሽቶ ነው ብዬ በሚቀጥለው ቀለሙን ጨመርኩበት» አለችኝ። ፓኬቱን ሳየው የልብስ ማቅለሚያ ዱቄት ነው። ምን እንደያዘ የሚናገር አንድም ጽሑፍ የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ሳሙና ውስጥ ውሃ አለ፤ ለዚህ ነው 4 እና 6 ሳምንት እንዲደርቅ የሚቀመጠው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ቀለም ከዚያ ውሃ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ወደ ነጩ ክፍል ይጋባል። በኋላም አረፋው ላይ፣ ፎጣው ላይ፣ ቆዳችን ላይ ይወጣል። ቀለም መጨመር ደግሞ የሚለቀውን ማብዛት ነው። አንዴ የተጋባውን መመለሻ መንገድ የለም።

ቀለም መልቀቁ ብቻውን በሽታ አይደለም። የምግብ ቀለምም ሳሙና ውስጥ ይለቃል። ዋናው ጥያቄ «የሚለቀው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የልብስ ቀለም ለጨርቅ እንጂ ለቆዳ አልተሠራም። ለምሳሌ ለሰው ሠራሽ ጨርቅ የሚውሉት ዲስፐርስ ብሉ 106 እና 124 የቆዳ አለርጂ በማስነሳት በሕክምናው የታወቁ ናቸው። የእሷ ፓኬት ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? ትልቁ ችግርም ይሄው አለማወቁ ነው።

ለምትገዙ፦

1. ነጭ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሳሙናውን እሹትና በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከቀረ ሳሙናው ይለቃል ማለት ነው።
2. ሻጩን «በምን ቀለም ሠራሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ይቅርባችሁ፤ በተለይ ለሕፃን።
3. አዲስ ሳሙና ስትጀምሩ ክንዳችሁ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ቦታ መርጣችሁ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ሞክሩት። 5 ደቂቃ አቆይታችሁ ታጠቡት። ካሳከከ ወይም ከቀላ አቁሙ።

ለምትሠሩ፦

1. ውሃ የማያሟሟቸውን፣ ለኮስሞቲክስ የተዘጋጁ ፒግመንቶች ተጠቀሙ፤ አይረን ኦክሳይድና አልትራማሪን ጥሩ ናቸው። ወደ ሌላው ክፍል አይጋቡም።
2. ለግማሽ ኪሎ ዘይት 1 የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል፤ መጀመሪያ በጥቂት ዘይት አሹት። ከበዛ እሱም አረፋውን ያቀልማል።
3. ተፈጥሯዊ ሁሉ እንዳለ አይቆይም። ቀይ ሥር ኮስቲክ ሶዳ ሲያገኘው ቡናማ ይሆናል። እርድ ወደ ቀይ ያደላል፣ ብርሃን ላይ ሲቆይም ይደበዝዛል። ተፈጥሯዊ ነገርም ቢሆን አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

የልጁ አንገት ሥርም ትንሽ ሽፍታ ነበረው። ከቀለሙ ነው ብዬ አልምልም። ሽቶው ሊሆን ይችላል፤ ሳሙናው ራሱም ሊሆን ይችላል፤ የሳሙና ፒኤች ከ9 እስከ 10 ነው፣ የቆዳችን ግን 5 ገደማ። ሳሙናውን አስቁመን፣ በለብ ያለ ውሃ ብቻ እያጠበችው ቫዝሊን እንድትቀባው ነገርኳት። ጣቶቹም በጥቂት ቀናት ጠሩ። እናንተ ግን እኔ እንዳደረግኩት የሕፃን ቆዳ በአልኮል አትፈትጉ፤ ቀለሙ ቆዳ ሲታደስ ራሱ ይለቃል።

ከባዱ ነገር ለእህትየው መንገር ነበር። ቤቷ የተዘጋጀ 40 ሳሙና አለ። «ለልብስ ማጠቢያ ልሽጠው?» አለችኝ። ነጭ ልብስ ያበላሻል፣ እጅም ይነካል፤ አይሆንም አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «የእህቴ ልጅ ባይሆን ኖሮ ማን ይነግረኝ ነበር?» አለች።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሳሙና አመጣችልኝ። ጭራሽ ቀለም የለውም፤ ነጭ ሆኖ ላዩ ላይ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበታል። ወረቀቱ ላይ የገባበትን ሁሉ በእጇ ጽፋለች። ነጭ ጨርቅ ላይ ሞከርኩት፤ ምንም አለቀቀም።

ሳሙና ለሚሠራም ለሚገዛም ወዳጃችሁ አጋሩት።