ሕፃን ሲታሰር የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

የታሰረን መጠየቅ ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ በመሆኑ ሰበካ ጉባኤያት በበዓላት ቀን ለታራሚዎች ምግብና ልብስ ይዘው መሄዳቸው የቆየ መልካም ልማድ ነው። የታሰረው ሕፃን በሆነ ጊዜ ግን ጥየቃው በዓልን መጠበቅ የለበትም። የሕፃኑ መብት የሚጠበቀውም ሆነ የሚጣሰው በአብዛኛው ከተያዘበት ሰዓት አንሥቶ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነውና።

ለምሳሌ፣ በሊስትሮ ሥራ የሚተዳደር የ13 ዓመት ልጅ ስልክ ሰርቋል ተብሎ ተያዘ እንበል። ወላጆቹ በሩቅ ገጠር ናቸው፤ በከተማው ዘመድ የለውም። ሕጉ ስለዚህ ልጅ ምን ይላል?

በቅድሚያ የሚጠየቀው ዕድሜው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ባሉት ላይ ለአዋቂዎች የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይፈጸምም፤ ጥፋተኛ ሆነው ከተገኙ ፍርድ ቤቱ እንደ ተግሣጽ፣ በክትትል ሥር መማር ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት ያሉ እርምጃዎችን ያዛል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉት በመደበኛው ሕግ ይዳኛሉ፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ቅጣታቸውን ሊያቀልላቸው ይችላል፤ የሞት ፍርድም አይፈረድባቸውም። ስለዚህ በዕድሜ ግምት የሚፈጠር የአንድ ዓመት ስሕተት የልጁን ዕጣ ይለውጣል።

ቀጥሎ የሚታየው የአያያዙ ሥርዓት ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የተያዘ ሰው ሁሉ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል፤ ያለመናገር መብትም አለው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ፣ ወላጁ ወይም አሳዳጊው እንዲጠራ፣ የሚቆምለት ከሌለ ጠበቃ እንዲመደብለት፣ ጉዳዩም በዝግ ችሎት እንዲታይ ያዝዛል። ቀጠሮ ከተሰጠ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ እነዚህ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን እንደሚያቀርበው ኃላፊነት ለሚወስድ ታማኝ ሰው ይሰጣል። ከአዋቂዎች ጋር መታሰር በወንጀል ሕጉም የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ለዚያ ሊስትሮ ልጅ ሰበካው ሁለት ነገር ሊያደርግለት ይችላል። አንደኛው የክርስትና መዝገብ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ቀን ዕድሜን ለማስረዳት ይረዳል፤ የልጁ አጥቢያ ሩቅ ቢሆንም ካህን ለካህን በስልክ ተገናኝቶ ማስረጃውን ማስላክ ይቻላል። ይሁን እንጂ ለልጁ በማዘን ቀኑን መለወጥ ፈጽሞ አይገባም። አንድ ሐሰተኛ ማስረጃ ከተገኘ ከዚያ በኋላ የሚቀርበው እውነተኛ ማስረጃ ሁሉ ይጠረጠራልና።

ሁለተኛው ታማኝ ሰው ነው። ብዙ ልጆች ለእስር የሚዳረጉት ሕጉ ስላስገደደ ሳይሆን፣ ዳኛው ልጁን የሚያስረክበው ሰው በማጣቱ ሊሆን ይችላል። ሰበካ ጉባኤው በምግባራቸው የተመሰከረላቸውን ሁለት ምእመናን አስቀድሞ መርጦ ለወረዳው ፍርድ ቤትና ለፖሊስ ጣቢያው ቢያሳውቅ ይህ ክፍተት ይሞላል።

ካህናት አባቶችን አንድ ነገር እናሳስባለን። በፖሊስ ጣቢያ ልጁን «ተናዘዝና ይማሩሃል» ብሎ መምከር በቅን ልቡና ቢሆንም ያለመናገር መብቱን ያሳጣዋል። ንስሐ የምሥጢር ነው፤ ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል ግን ማስረጃ ይሆናል። ይህን ስንል ንብረቱ የጠፋበትን ሰው ዘንግተን አይደለም፤ እርሱም ፍትሕ የሚያገኘው እውነቱ በሥርዓቱ ሲጣራ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሁለቱን ታማኞች መምረጥንና የክርስትና መዝገቡን ማደራጀትን በአጀንዳ እንድትይዙ እንጠይቃለን።