ያውቁ ኖሯል? የቶስካና ነጭ ፒስታ ጉድ!

በጣሊያኗ ቶስካና አስፋልት እንዳይነካቸው ሰው ጥብቅና የቆመላቸው የኮረኮንች መንገዶች እንዳሉ ያውቁ ኖሯል? ነጫጭ ናቸው! ሲጋልቡባቸው አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል! (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

ጠበቃቸው ማን ሆነ? ብስክሌት! በ1997 ጃንካርሎ ብሮኪ የተባሉ ሰው በኪያንቲ ኮረብቶች መሀል በምትገኘው በጋዮሌ መንደር 92 ጋላቢዎችን ሰበሰቡ። አሮጌ ብስክሌት፣ የሱፍ ማልያ፣ አሮጌ መንገድ! ጉዞውንም «ኤሮይካ» አሉት። ዛሬ በየዓመቱ በእኛ መስከረም መገባደጃ ላይ ሺዎች ከዓለም ዙሪያ ወደዚያች ትንሽ መንደር ይጎርፋሉ። እንግሊዝም ጃፓንም የራሳቸውን «ኤሮይካ» ጀምረዋል!

ደንቡን ይስሙልኝ! ብስክሌቱ ከ1987 በፊት የተሠራ ዓይነት መሆን አለበት። ማርሽ መቀየሪያው ከመሪው ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ከፍሬሙ ቱቦ ላይ መገኘት አለበት። የፍሬኑ ሽቦ ከመሪው ወጥቶ በአየር ላይ መታየት አለበት። ጫማን ቆልፎ የሚይዝ ዘመናዊ ፔዳል ክልክል ነው! ረጅሙ መስመር ደግሞ 209 ኪሎ ሜትር ነው!

ይህን መስመር የመረጡት ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ። ወደ ብሮሊዮ ግንብ የሚያወጣው ዳገት ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው። ታዲያ ምን ያበራላቸዋል? በመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደሩ የሰም መብራቶች!

በየማረፊያው ምን ይቀርባል? ሪቦሊታ! ከቦሎቄ፣ ከጥቁር ጎመንና ካደረ ዳቦ የሚሠራ የገበሬ ሾርባ ነው። አጠገቡም ወይን ጠጅ አለ። አዎን፣ በጉዞው መሀል!

ብሮሊዮ ግንብ ከ1141 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው! ከዚያ ቤት የወጡት ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1872 ደግሞ የኪያንቲ ወይን ጠጅ ከየትኞቹ የወይን ዝርያዎች መጠመቅ እንዳለበት በደብዳቤ አሰፈሩ። ጠቅላይ ሚኒስትርም፣ ጠማቂም!

የኪያንቲ ወይን ምድር ከየት እስከ የት እንደሆነ የተወሰነው በአዋጅ ነው፤ ያውም በ1716!

ባላንጣዎቹ ከተሞች ፍሎረንስና ሲየና ድንበራቸውን በዶሮ ጩኸት ለዩ ይባላል! በየከተማው ዶሮ ሲጮኽ አንድ ፈረሰኛ ሊነሣ፣ ሁለቱ የተገናኙበት ቦታም ድንበር ሊሆን ተማማሉ። ሲየናዎች ነጭ አውራ ዶሮ መርጠው አጠገቡት። ፍሎረንሶች ጥቁሩን አስራቡት! የራበው ዶሮ ገና ሌሊት ሳለ ጮኸ። ፈረሰኞቹ ሲገናኙ የፍሎረንሱ ሰው ከሲየና በር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የቀረው! ያ ጥቁር ዶሮ ዛሬም በኪያንቲ ክላሲኮ ጠርሙስ አንገት ላይ ቆሟል።

ዶሮው ድንበር ቢለይም ጠቡ ግን አልበረደም። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1260 ሞንታፔርቲ ላይ ሲየና የፍሎረንስን ጦር ድምጥማጡን አጠፋች! ጋላቢዎች ዛሬ በዚያ ሜዳ ዳር በሰላም ያልፋሉ።

ከሲየና ደቡብ ምሥራቅ ያሉት የክሬቴ ሴኔሲ የሸክላ ኮረብቶች ጥንት የባሕር ወለል ነበሩ! ያጋነንኩ ይመስልዎታል? በ2007 ሞንታልቺኖ አጠገብ፣ ከወይን እርሻ መሀል፣ የዓሣ ነባሪ አፅም ተቆፍሮ ወጣ! ዓሣ ነባሪ፣ ከወይን ተክል ሥር!

ሠዓሊው አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና በ1339 የሲየናን ገጠር በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሣሉት። ኮረብታው፣ ማሳው፣ ወደ ከተማው በር የሚወጣው መንገድ፣ ሁሉም አለ። በመንገዱ ላይ አንድ ገበሬ ትከሻው ላይ ነጭ መቀነት ያለበት ጥቁር አሳማ ይነዳል። ያ የአሳማ ዘር ዛሬም በዚያው ገጠር ይረባል! ሥዕሉን አይቶ ከከተማ የወጣ ጋላቢ ሥዕሉ ውስጥ የገባ ያህል ይሰማዋል። ይህ ከሁሉም ይደንቀኛል።

በዚሁ ገጠር ሞንቴሪጆኒ የምትባለው መንደር ሙሉ በሙሉ በግንብ ቀለበት ውስጥ ናት! ግንቡ መገንባት የጀመረው በ1213 ነው። 14 ማማዎች አሉት። ዙሪያው 570 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በብስክሌት አፍታም አይፈጅ! ባለቅኔው ዳንቴ ግን ማማዎቹን በሲኦል ካሉ ግዙፋን ጋር አመሳስለዋቸዋል።

እዚሁ ቶስካና ውስጥ ኮርሲኛኖ የምትባል መናኛ መንደር ነበረች። ልጇ በ1458 የሮማ ጳጳስ ፒዮስ 2ኛ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት መንደራቸውን እንደ አዲስ ማሠራት ጀመሩ! ካቴድራል፣ አደባባይ፣ ቤተ መንግሥት! ስሟንም በስማቸው ፒዬንሳ አሉት። ከመንገዶቿም አንዱ «የመሳም መንገድ» ይባላል!

ባኞ ቪኞኒ ደርሰው አደባባዩን ቢፈልጉ አያገኙትም። አደባባዩ ውኃ ነው! ትልቅ የፍል ውኃ ገንዳ ከቤቶቹ መሀል ተኝቶ ይጨሳል። ሩሲያዊው የፊልም አዘጋጅ አንድሬ ታርኮቭስኪ በ1983 ለወጣው «ኖስታልጊያ» ፊልሙ መርጦታል።

ራዲኮፋኒ ዳገት አናት ላይ ጊኖ ዲ ታኮ የሚባል ሽፍታ ይኖር ነበር። ሆዳቸውን የሚያማቸውን የክሉኒ አበ ምኔት ጠልፎ አሰራቸው፤ የተጠበሰ ዳቦና ወይን ብቻ እየሰጠም ፈወሳቸው! ይህን የተረከው ደራሲው ቦካቾ ነው።

በ990 ገደማ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጌሪክ ከሮም ሲመለሱ ያረፉባቸውን 79 ቦታዎች ጻፉ። ያ ዝርዝር አልጠፋም! በዚሁ ገጠር የሚያልፈውን፣ ቪያ ፍራንቺጄና የሚባለውን የተሳላሚዎች ጎዳና ዛሬ በእግርም በብስክሌትም የሚከተሉት በእሱ እየተመሩ ነው።

የእኛም ሰዎች በዚህ አገር አልፈዋል! በ1441 ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለታላቁ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ፍሎረንስ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ሮም ወረዱ። መልካቸው በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ የነሐስ በር ላይ ተቀርጿል። ሮም የሚኖሩ ከሆነ ሄደው ይዩት!

በድንጋይ የተሰካ ሰይፍ ተረት ይመስልዎታል? ከሲየና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይጋልቡ! ጋልጋኖ የተባለው ፈረሰኛ ጦርነትን ትቶ ሲመንን ሰይፉን ዓለት ውስጥ ሰካው ይባላል። በ1181 አረፈ። ሰይፉ ግን ሞንቴሲዬፒ ቤተ መቅደስ ውስጥ እስከ እጀታው ተሰክቶ ይታያል! ከኮረብታው በታች ያለው ገዳም ደግሞ ግድግዳው ሙሉ ነው፣ ጣሪያው ሰማይ!

ስለ ቶስካና ብስክሌት ሲነሣ ጂኖ ባርታሊን መዝለል አይቻልም! ፍሎረንስ ዳር ተወለደ። ቱር ደ ፍራንስን በ1938 አሸነፈ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1948 ደገመው! በመሀሉስ? ጦርነት ነበር። አይሁዶች ይታደኑ ነበር። ባርታሊ ልምምድ የሚሠራ መስሎ ረጅም መንገድ ይጋልባል። በብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ግን የሰዎችን ሕይወት የሚያተርፉ ሐሰተኛ የመታወቂያ ወረቀቶች ተጠቅልለው ነበር! ፍተሻ ሲያጋጥመው «ብስክሌቱን አትንኩብኝ፣ ሁሉ ነገሩ ለፍጥነት የተስተካከለ ነው» ይል ነበር ይባላል። በሕይወት ሳለ አልተኩራራበትም። እስራኤል በ2013 ከ«አሕዛብ ጻድቃን» ወገን ቆጠረችው፤ በ2018ም ጂሮ ዲታሊያ የተባለው የጣሊያን የብስክሌት ዙር ከኢየሩሳሌም ሲነሣ ስሙ በክብር ተወሳ!

በ2010 ጂሮው ራሱ በእነዚህ የቶስካና ነጭ ኮረኮንቾች ወደ ሞንታልቺኖ ሲያልፍ ዶፍ ወረደ። ነጩ አቧራ ጭቃ ሆነ! ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ካዴል ኤቫንስ የዓለም ሻምፒዮን ማልያ ለብሶ ነበር። ማልያውን ግን ጭቃ ውጦታል!

ፕሮፌሽናሎቹ የራሳቸውን ውድድር፣ ስትራዴ ቢያንኬን፣ የጀመሩት በ2007 ነው። የሴቶቹ በ2015 ተከተለ። ስዊዘርላንዳዊው ፋቢያን ካንቼላራ ሦስት ጊዜ አሸነፈና አንድ የኮረኮንች ክፍል በስሙ ተሰየመለት!

ስሎቬናዊው ታዴይ ፖጋቻር በ2024 81 ኪሎ ሜትር ሲቀር ተፈትልኮ ብቻውን ገባ! በ2025ስ? ወድቆ ተላላጠ፣ ልብሱ ተቀደደ፣ ተነሣ፣ አሸነፈ!

በ2023 የሴቶች ውድድር ኔዘርላንዳዊቷ ዴሚ ፎለሪንግ መሪዋን ብቻዋን ስታሳድድ ከፊቷ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ያመለጠ ፈረስ! ፈረሱ ሲጋልብ፣ እሷ ስትጋልብ! በመጨረሻ ከቡድን ጓደኛዋ ከሎተ ኮፔኪ ጋር አንገት ለአንገት ገቡ። አሸናፊዋን የለየው ፎቶ ነው፤ ዴሚ!

ውድድሩ ሲየና ሲገባ የመጨረሻው ዳገት ቪያ ሳንታ ካተሪና ነው። እስከ 16 በመቶ ይቆማል! በስሟ የተጠራችው ቅድስት ካተሪና ሥጋዋ ሮም ነው ያረፈው። ጭንቅላቷ ግን እዚህ፣ ሳን ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ!

ከዳገቱ እንደወጡ ፒያሳ ዴል ካምፖ ነው። ብስክሌቶቹ የሚጨርሱበት ይህ አደባባይ በየዓመቱ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 አፈር ይለብስና ፈረሶች ይሮጡበታል! ሲየና 17 ሰፈሮች አሏት፤ በአንድ ጊዜ የሚወዳደሩት አሥሩ ናቸው። ጋላቢው ቢወድቅስ? ግድ የለም፤ ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ቢገባ ሰፈሩ ያሸንፋል! ከውድድሩ በፊት ፈረሱ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይባረካል። እዚያው ፋንድያ ከጣለ ደግሞ ሰፈርተኛው በደስታ ይፈነድቃል፤ ገዱ ቀንቷል!