የመኪና ፊልትሮ መቀየር ጉልበት ይጨምራል?

እዚህ ካኩማ በዕቁብ ገንዘብ በጋራ የገዛናት አሮጌ ፕሮቦክስ ሰው ሲሞላባት መለገም ጀመረች። መለዋወጫ ሻጩ «ዘይት የተቀባውን የጥጥ ፊልትሮ ግጠሙላት፣ ትበራለች» አለን። ዋጋው የልጆቻችንን የደብተር መግዣ የሚበላ ነው እኮ!

ጠያየቅን። ለጤነኛ ሞተር የፋብሪካው ፊልትሮ በቂ አየር ያስገባል፤ ልዩው ድምፅ ያጎላል እንጂ ጉልበቱ እምብዛም አይታወቅም። የተደፈነ ፊልትሮ ግን ሞተር ያፍናል። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ በዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ሲፈትን፣ የተደፈነውን መቀየር ፍጥነት አነሳስን ከ6 እስከ 11 በመቶ አሻሻለ፤ የነዳጅ ፍጆታን ግን አልቀነሰም።

የቱርካና አቧራ ደግሞ አለ። አየር በብዛት የሚያሳልፍ ፊልትሮ ብናኝም ሊያሳልፍ ይችላል፤ ብናኙ ሲሊንደርና ፋሻ ይሞርዳል።

ተራውን የወረቀት ፊልትሮ ገዛን። አሮጌውን ስናወጣው ከአፈሩ ብዛት የወረቀቱ እጥፋት አይታይም ነበር።